ብቻሽን ነው!

እኛ ጂም ውስጥ የመጀመሪያው የጨዋነት ቃል «እንግፋ» ነበር። ሰው እየበላ የደረሰን እንግዳ «እንብላ» እንደሚለው ሁሉ፣ አግዳሚው ላይ ተጋድሞ ብረት የሚገፋ ሰውም አጠገቡ ሌላ ሰው መጥቶ ከቆመ ቀና ይልና «እንግፋ» ይለዋል። መልሱም እንደ ማዕዱ የታወቀ ነው፤ «ገፍቻለሁ፣ ይመችህ» ማለትና ፈንጠር ብሎ ተራ መጠበቅ። «እሺ» የሚል ሰው ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እኔ ግን እንብላ ስባል እጄን ታጥቤ የምቀርብ ሰው ነኝ። የገባሁ ቀን አንድ ደረተ ሰፊ ልጅ አግዳሚው ላይ እንዳለ «እንግፋ» ሲለኝ «እሺ» ብዬ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። ልጁ ግራ ገባው። ሊነሳ አለ፣ ተመልሶ ጋደም ሊልም አለ፣ በመጨረሻ ፎጣውን ሰብስቦ ተነሳልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን «እንግፋ» የሚለኝ ሰው አስቦበት ነው የሚለኝ።

ጊዜው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ያለፈበት፣ ቦሌ ላይ ሰው ሁሉ ሰርቪሱን ሱቅ፣ ጋራዡን ካፌ የሚያደርግበት ጊዜ ነበር። እኔ ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ታይፕ ስመታ እየዋልኩ ጀርባዬና ወንበሩ አንድ አካል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ በእግሬ ወደ ሩዋንዳ ሰፈር ሳዘግም፣ አንድ ግንብ ላይ በቀይ ቀለም «ስፖርት» ተብሎ ተጽፎ፣ ከሥሩም ክንዱ ያበጠ ሰውዬ ተስሎ አየሁ። ሰውዬው አንገት የለውም። ሰዓሊው ረስቶት ይሁን ጡንቻው ውጦት ይሁን አይታወቅም። እየሳቅኩ ገባሁ።

ቤቱ የአንድ ቪላ ጓሮ ሰርቪስ ነበር። በክፍሎቹ መሀል የነበሩት ግድግዳዎች ፈርሰው አንድ ረዥም ክፍል ሆኗል። ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ፀሐይ ሲወጣ ይጋግራል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ መደማመጥ የለም። ከብረቶቹ ጥቂቶቹ ከውጭ የመጡ ናቸው። የቀሩት የጋራዥ ልጆች ናቸው፤ ከአሮጌ ከባድ መኪና ተፈትተው ጥቁር ቀለም የተቀቡ። የጂሙ ባለቤትና አሰልጣኝ አንድ የድሮ ወታደር ነበሩ፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ጋሼ ስለ ጡንቻ ብዙ አያወሩም። የሚያወሩት ስለ ጠባይ ነው። «ብረት ማንሳቱን ማንም ያነሳል፤ ሰው የሚለየው ሲመልስ ነው» ይላሉ። ያነሳኸውን ቦታው መልስ፣ ላብህን ጥረግ፣ ሰው እየገፋ አታናግረው፣ በሰውና በመስታወት መሀል አትገተር። ሕጉ የትም አልተጻፈም። የጣሰውን ሰው ግን ጋሼ በሁሉም ፊት «አንተ፣ እናትህ ቤት መሰለህ?» ይሉታል፤ ይህን አንዴ የሰማ ሁለተኛ መስማት አይፈልግም።

ሕግ አለ ማለት ግን ጠባይ አለ ማለት አይደለም። አንዱ ጋዜጣ ይዞ ይመጣና በዙር መሀል ላርፍ ነው ብሎ አግዳሚው ላይ ተደላድሎ ያነባል። «ርዕሰ አንቀጹን ጨረስከው ወይ?» ስለው፣ ሳያፍር «ገና ነኝ» ይለኛል። ሌላው ብረት ባነሳ ቁጥር ምጥ እንደያዛት ሴት ያቃስታል፤ የቪላው ባለቤት እማማ መጀመሪያ ሰሞን ደንግጠው ውኃ በጣሳ ይዘው ሮጠው መጥተዋል። ላቡን አግዳሚው ላይ ሙሉ ጀርባውን አትሞ የሚሄድም ነበረን። መስታወት ፊት ቆሞ ካናቴራውን እስከ አገጩ ሰብስቦ ሆዱን ሲመረምር የሚውለውንማ ተዉት፤ እሱ ብረት ሲነካ አላየሁም፣ ሆዱ ግን በእኛ ላብ ያማረበት ይመስል ነበር። ለሁሉም በየተራቸው የልካቸውን ነግሬያቸዋለሁ። «ምላስሽ!» ይሉኝ ነበር። ምላስማ አለኝ። ለዚህ ካልሆነ ለምን ተሰጠኝ?

እነዚህን ሁሉ ግን እችላቸው ነበር። አንጀቴን ያሳረሩት ጨዋዎቹ ናቸው። በቤቱ ውስጥ ያለሁት ሴት እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ ወንዱ ከየእናቱ የተማረው ጨዋነት ሁሉ ተጠራቅሞ እኔ ላይ ወረደ። ብረት ልወስድ ጎንበስ ስል ከቀኝም ከግራም «ቆይ፣ ቆይ፣ እኔ ላቀብልሽ» ይላሉ። ብረት ሊያነሳ የመጣን ሰው ብረት ካነሱለት ምን ሊሠራ ነው? እንጀራ ሊበላ የተቀመጠን ሰው «ቆይ፣ እኔ ልብላልህ» እንደማለት አይደለም? ይህንን ነገርኳቸው። ሳቁ፣ «እውነቷን ነው» ተባባሉ፣ በማግስቱም አቀበሉኝ።

ከጨዋዎቹ ሁሉ ጨዋው የባንኩ ልጅ ነበር። ባንክ ስለሚሠራ ነው እንደዚያ የምንለው። ቱታው እንኳ የተተኮሰ፣ ሰላምታው የቤተሰቡን ደኅንነት አዳርሶ የማያልቅ ልጅ ነው። ተጋድሞ ከባድ ብረት የሚገፋ ሰው ራስጌው ሰው ይቆምለታል፤ ክንዱ ቢከዳውና ብረቱ ደረቱ ላይ ቢቀር አንስቶ ያድነዋል። ይህ ከጋሼ ሕጎች ሁሉ የጠበቀው ነው፣ ትክክልም ነው። እኔ ስጋደም የባንኩ ልጅ ማንም ሳይጠራው መጥቶ ራስጌዬ ይቆማል። መቆሙ ደግ። ችግሩ ጣቱ ነው። ገና ብረቱን ከማሳረፊያው ሳነሳ ሁለት ጠቋሚ ጣቶቹን ከሥሩ ያስገባል። ብረቱ ሲወርድ ጣቶቹ አብረው ይወርዳሉ፣ ሲወጣ አብረው ይወጣሉ። እሱም ግንባሩ ላይ የደም ሥሩ ተገትሮ «ብቻሽን ነው! ብቻሽን ነው!» እያለ ይጮኻል።

ብረት የገፋ ሰው ሁሉ ይህን ውሸት ያውቀዋል። ለማበርታት ተብሎ የሚዋሽ ውሸት ነው፣ ወንዶቹም እርስ በርሳቸው ይዋሹታል። ለእነሱ ግን ጣት የሚገባው ክንድ ሲዝል ነው። ለእኔ ከመጀመሪያው ይገባል። ብቻዬን ከሆንኩ አንተን ምን አላበህ?

«ጣትህን አውጣልኝ» አልኩት አንድ ቀን።

«ምን አደረገሽ? አልነካሁትም እኮ።»

«ካልነካኸው እዚያ ምን ይሠራል?»

«እንዳይከብድሽ ነው እንጂ።»

«እንዲከብደኝ አይደል እንዴ የመጣሁት!»

ሳቀ። ክፋት የለበትም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ክፉ ሰው በአንድ ቃል ይመለሳል፣ ደግ ሰው በምን ይመለሳል?

ከቆርቆሮው ሥር ካሉት ብረቶች ሁሉ የተፈሩት «ትልልቆቹ» የምንላቸው ጥንድ ክብ ብረቶች ነበሩ፣ ከጭነት መኪና የተፈቱ። በዘንጉ ግራና ቀኝ ትልልቆቹ የገቡለት ሰው ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወራል። እኔም ደረስኩባቸው። ደጋግሜ ገፋኋቸው። «ትልልቆቹን ገፋች» ተብሎም ተወራልኝ፤ ወሬው ግን ስለ ጣቱ አያነሳም። ቢሮ ተቀምጬ ደብዳቤ ስመታ ድንገት ትዝ ይለኝና እናደዳለሁ። ክብሩማ አለኝ፣ ያጣሁት ማወቁን ነው። የእኔ ክንድ የሚያልቀው የት ጋ ነው? የባንኩ ልጅ ጣት የሚጀምረውስ? ይህን የማያውቅ ሰው አንስቻለሁ ሊል አይችልም። ጋሼን ብቻዬን እንድሞክር ብጠይቃቸው «ራስጌሽ ሰው ሳይኖር ትልልቆቹን አትነኪም» አሉኝ። ራስጌዬ ሰው ከኖረ ደግሞ ጣቱ ይኖራል።

ነገሩ በዚህ ላይ እያለ ወሬው ቤታችን ደረሰ። ቤታችን ላምበረት ነው። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ አሰብ ደርሰው ሲመለሱ ጥቂት ቀን ያርፋሉ፣ የሰፈሩን ወሬም ያኔ ነው የሚሰሙት። ጎረቤታችን ባለ ሱቋ የወሎ ሴት ቱታዬን ገመድ ላይ ተሰጥቶ አይተው የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። መደበቅ አልወድም፤ ነገርኳቸው።

«ብረት?» አሉ አፋቸውን ይዘው። «ወላሂ፣ ማሕፀንሽ ይወርዳል!»

«እርስዎ የስኳሩን ጆንያ ከጋሪ አውርደው ወደ ሱቅ የሚያስገቡት ማን ይዞልዎ ነው?»

«እሱማ ሥራ ነው» አሉ፣ እየሳቁ። ሳቃቸው ግን አፋቸውን አልዘጋውም። አባቴ ከመንገድ ሲገቡ ነገሩን ከእኔ በፊት ከሱቁ በር ላይ ሰምተውት መጡ።

ምሳ በላን። ከዚያ «ብረት ቤት ትሄጃለሽ አሉኝ» አሉ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«ከወንዶች ጋር?»

«ወንዶችም አሉ።»

«ተጋድመሽ?»

ይቺን የጨመሩት ባለ ሱቋ መሆናቸውን ወዲያው አወቅኩ። «አንዱን ነገር ስሠራ ተጋድሜ ነው» አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ቆመው የሚገፉበት አግዳሚ የለም።

አባቴ እጃቸውን ታጥበው በፎጣ እያደረቁ «መጥቼ አያለሁ» አሉ። «ያየሁት ካላማረኝ በዚያው ይበቃሻል።»

መቼ እንደሚመጡ አልተናገሩም። አባቴ ነገር አይደግሙም። ይበቃሻል ካሉ በቃኝ ማለት ነው፤ የራሴ ደሞዝ ስላለኝ ቃላቸውን አልፌ የምሄድ ልጅ አልነበርኩም፣ መሆንም አልፈለግኩም። ግን ብረቱን መተው ደግሞ ሞቴ ነበር። ጀርባዬ ተቃንቷል፣ ታክሲ ውስጥ ሰው ገፍቶኝ መግባት ትቷል፣ ከሁሉም በላይ ደስ ይለኛል፤ ደስ የሚለኝን ነገር የያዝኩት በስንት ጊዜዬ ነበር። አባቴ መጥተው የሚያዩትን ነገር በሐሳቤ ሳልኩት። ልጃቸው ተጋድማለች፤ አንድ ጎረምሳ ራስጌዋ አጎንብሶ፣ እጆቹን ከላይዋ አድርጎ «ብቻሽን ነው!» እያለ ይጮኻል። ብቻዬን እንዳልሆንኩ ከበሩ ላይ ይታያል።

ለባንኩ ልጅ ይህን ሁሉ አስረዳሁት። አባቴ ሊመጡ ነው፣ ጣትህ ከታየ አለቀልኝ አልኩት። ደነገጠ፣ ማለልኝ። በማግስቱ ብረቱን ሳወርድ ጣቱ ከሥሩ አለ። «ሳላውቀው ነው፣ እጄ ለምዶብኝ!» አለ፣ የምር አዝኖ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቤቱ ጢም ብሏል። ጋዜጣው ተዘርግቷል፣ መስታወቱ ተይዟል፣ ቴፑ በጩኸት ይዘፍናል። ተራዬ ደርሶ ትልልቆቹን በግራና በቀኝ አስገባሁ፣ ተጋደምኩ። የባንኩ ልጅ ራስጌዬ ቆመ። «ጣትህን!» አልኩት። «እሺ፣ እሺ» አለ። ብረቱን ከማሳረፊያው አነሳሁና ቀስ አድርጌ ማውረድ ጀመርኩ። ጣቶቹ አብረው ወረዱ። ብረቱ ደረቴን ሲነካ በሩ ላይ ጥላ አየሁ። ባርኔጣና ኮት። አባቴ።

እኛ አገር ሽማግሌ ሲገባ የተቀመጠ ይነሳል፣ «ኖር» ይላል፤ ይህ ከጋሼም ሕግ ይበልጣል። ራሳቸው ጋሼ ቀድመው «ኖር!» አሉ። ቤቱ በአንድ ጊዜ «ኖር!» ብሎ ተነሳ። ጋዜጣው ታጠፈ። ካናቴራው ከአገጭ ወደ ቀበቶ ወረደ። ብረት ትከሻው ላይ ተሸክሞ ቁጢጥ ያለው ልጅ ሳይቀር ለመነሳት ታገለ፤ ደግነቱ መነሳቱ ሥራው ነው። የባንኩን ልጅ ደግሞ ያደገበት ነገር ወሰደው። ጣቶቹን ከብረቱ ሥር መዘዘ፣ ወደ በሩ ተራመደ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ አባቴን በሁለት እጁ ጨበጣቸው።

«እንደምን ዋሉ አባት፣ ደኅና ነዎት? ቤተሰብ ደኅና ነው?»

እኔ ከነብረቴ ቀረሁ። ደነገጥኩ፣ አልዋሽም። ያ ብረት ለካ እንደዚያ ነው የሚከብደው! ለወራት ስገፋው የኖርኩትን ነገር ክብደቱን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ተጋድሜ ስለነበር በሩንና ሰዎቹን የማያቸው ተገልብጠው ነው። የአባቴ ዓይን ከልጁ ትከሻ በላይ አልፎ እኔ ላይ ሲያርፍ አየሁ። ፊታቸው ተለዋወጠ። «እግዜር ይመስገን» የሚለው መልስ አፋቸው ላይ ቀረ።

ጋሼ ከወዲያ ጥግ ሆነው «ያዝላት!» ብለው ጮኹ። አባቴ አንድ እርምጃ ወደ እኔ ተራመዱ።

«አባዬ፣ አይንኩት!» አልኩ።

ትንፋሽ የለኝም፣ ብረት ደረቴ ላይ ነው፣ ያም ሆኖ «አይንኩት» አልኩ እንጂ «አትንካው» አላልኩም፤ አስተዳደግ ብረትም አይገፋውም። ለባንኩ ልጅ ግን «አንተም እንዳትነካው!» አልኩት። አባቴን በዘመኔ አዝዣቸው አላውቅም ነበር። ቤቱ በሙሉ ሰማ፣ አንዱም ቴፑን አጠፋው። አባቴ ባሉበት ቆሙ።

ገፋሁ። ብረቱ ከደረቴ ተነሳ፣ መሀል ላይ ሲደርስ ቆመ። ሁልጊዜ ጣቶቹ የሚያነሱት እዚያች ጋ ነበር ማለት ነው፤ ከዚያች በላይ ብቻዬን ወጥቼ አላውቅም። ክንዴ ተንቀጠቀጠ። ማንም «አይዞሽ» አላለም፣ ማንም «ብቻሽን ነው» አላለም። ሰው ዝም ሲል ብረት የሚቀል መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት። ግራ እጄ ቀድሞ ሄደ፣ ቀኙ ተከተለው፣ ከዚያ ክንዶቼ ተዘረጉ። ብረቱን ማሳረፊያው ላይ ጣልኩት። ጋሼ ብረት የሚወረውር ሰው አይወዱም፣ ያን ጊዜ ግን ማሩኝ።

ተነስቼ ተቀመጥኩ። ፎጣዬን ስቤ ላቤን ጠረግኩ። አወቅሁት። ክንዴ እዚያ ድረስ ይደርሳል፣ ከእንግዲህ ማንም የተለየ ነገር ሊነግረኝ አይችልም።

ከሁላችንም ይልቅ ያላበው የባንኩ ልጅ ነበር። የሰው ልጅ በአባቷ ፊት ብረት ሥር ጥዬ ሄድኩ ብሎ በኀፍረት ሊሞት ደርሷል። ፊቱን ወደ አባቴ መልሶ፣ ሊያረጋጋቸው ብሎ፣ «አይስጉ አባት፣ እኔ ይዤላት ነበር» አላቸው።

«በምን?» አሉት አባቴ። «እጅህ እኮ እኔ ጋ ነው።»

ሁላችንም አየን። የልጁ ሁለት እጆች ከባድ መኪና መሪ ባጠነከረው በአባቴ መዳፍ ውስጥ ናቸው። መጀመሪያ ሰላምታው ሳያልቅ ተረስቶ የቀረ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን የልጁ ጣቶች ደም ሸሽቷቸው ነጥተዋል። አባቴ ረስተው አልነበረም። «አይንኩት» ስል ሰምተው፣ ልጁ ሊሮጥልኝ ሲል እሳቸው ጨብጠው ይዘውት ነው የቆዩት።

ሳቁ ከጋሼ ጀመረና ቤቱን አዳረሰው፤ የባንኩ ልጅም ጣቶቹን እያሻሸ ሳቀ። ጋሼ ወንበር አቀረቡ። አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ተቀመጡ።

«ጨርሺና እንሄዳለን» አሉኝ፤ «ይበቃሻል» የምትለዋን ቃል አላነሷትም።

አንድ ዙር ይቀረኝ ነበር። የባንኩ ልጅ እጆቹን ወደ ኋላው አጣምሮ ራስጌዬ ቆመ፣ እኔም ጨረስኩት።